አምስት ቋጠሮ

ባለካውያዋ በዕድሜዋ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የጀመረችውን ጥላ የወጣችው። አንደኛው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ከክፍል ነው። ሁለተኛው ልጇ በተፈተነችበት ቀን፣ የሰው ቀሚስ ግማሹን ተኩሳ ግማሹን ሳትተኩስ። ስለ መጀመሪያው የጠየቃት ሰው የለም። ስለ ሁለተኛው ግን የላውንደሪው ሰው እስከ ዛሬ ያወራል።

ላውንደሪው የአንድ ትልቅ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው። መስኮቶቹ ከጣሪያው ሥር ስለሆኑ ከውጭው ዓለም የሚታየው የአላፊ አግዳሚ ጫማ ብቻ ነው። ማሽኖቹ ሲዞሩ የሰው አፍ ሲከፈት ይታያል እንጂ የሚለው አይሰማም። ስለዚህ እዚያ ቤት ወሬው በጨርቅ ነው። የገባ ጥቅል ሁሉ አፉ ላይ አምስት ቋጠሮ ያለው ቁራጭ ጨርቅ ይታሰርበታል። የነከረ አንዱን ይፈታል፤ ያጠበ ሁለተኛውን፤ ያለቀለቀ፣ ያደረቀ፣ የተኮሰ እያለ አምስት ይሞላል። ቋጠሮ የሌለው ጥቅል ይወጣል። አንድ ቋጠሮ የቀረው ጥቅል የንጉሥ ልብስም ቢሆን አይወጣም። ሌላም ሕግ አለ፦ የፈታኸውን ቋጠሮ ከአንተ ቀጥሎ ያለው ሰው ማየት አለበት። ሳይታይ የተፈታ እንዳልተፈታ ይቆጠራል።

ባለካውያዋ እዚያ አሥራ አራት ዓመት ቆማለች። ማታ ማታ እግሯ ያብጣል፣ ወገቧ የራሷ አልመስል ይላታል፤ መቆም ግን ከብዷት አያውቅም። የከበዳት መቀመጥ ነበር። ልጅ ሳለች አስተማሪዎቿ "መቀመጥ እስክትማሪ" እያሉ ሁለት ጊዜ ወደ ታች ክፍል መለሷት። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ከስምንት ዓመት ልጆች ጋር ተቀምጣ ጉልበቷ ከዴስኩ ሥር አልገባ አለ። ትንንሾቹ "አያቴ" ይሏት ነበር። አንድ ቀን በትምህርት መሐል ተነሥታ ወጣች። እስከ ውጭው በር ድረስ ቀስ ብላ ሄደች፤ የሚጠራት ሰው ካለ ብላ። የጠራት የለም።

ልጇን ጎረቤቱ "እንዝርት" ይላታል። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል። ጥርሷን ልትቦርሽ ትጀምርና ቡርሹን እንደ ጎረሰች ደረጃው ላይ ከድመት ጋር ስትነጋገር ትገኛለች። አንድ ጫማ አድርጋ ሌላውን ስትፈልግ ያደረገችውን ታወልቃለች። ላጲስ በሳምንት ሦስት ትጨርሳለች፤ አጥፍታባቸው አይደለም፣ ራሳቸው ጠፍተው ነው። እንዲህ ስለሆነች ደግሞ ቀልብ የላትም ማለት አይደለም። አንድ ቀን ላውንደሪ መጥታ "ሦስተኛው ማሽን አሞታል፣ ድምፁ ተለውጧል" ብላ ነበር። ማንም ልብ አላላትም። በሁለተኛው ቀን ቺንጋው ተበጠሰ።

እናትየዋ ያልሞከረችው የለም። ጮኸች። ቆነጠጠች። "ዓመቱን ሙሉ ጎበዝ ከሆንሽ ብስክሌት" ብላ ቃል ገባች፤ ልጅቷ ብስክሌቱን እስከ ምሳ ሰዓት አስታወሰችው። አንድ ቀን ደግሞ የቤት ሥራዋን እንድትጨርስ በአንሶላ ቁራጭ ቁርጭምጭሚቷን ከወንበሩ እግር ጋር አሰረቻትና ወደ ማዕድ ቤት ገባች። ስትመለስ ልጅቷ የለችም፤ ወንበሩም የለም። ዝናብ ሲዘንብ ለማየት ወንበሩን እየጎተተች በር ላይ ደርሳለች። ወለሉ ላይ ከጠረጴዛው እስከ በሩ ድረስ ነጭ ጭረት ተሰምሯል።

"እማዬ ነይ እይ፣ ዝናቡ በአግድም ነው የሚዘንበው!"

ባለካውያዋ ተንበርክካ ፈታቻት። ጭረቱን ብትወለውለው አልለቀቀም። ጨርቁን ግን አልጣለችውም፣ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አላወቀችም።

የዓመቱ ፈተና ሦስት ወር ሲቀረው የትምህርት ቤቱ ምክትል ርዕሰ መምህር አስጠራት። ምክትሉ ፀሐይም ይሁን ዝናብ ከረባት የማይለየው ሰው ነው። የሸሚዙ ኮሌታ አብረቅርቋል፤ እርጥበት ሳይነካው በጋለ ካውያ የተተኮሰ ጨርቅ ነው እንዲያ የሚሆነው። "ቸኩለውበታል" አለች በልቧ።

"ልጅሽ ጭንቅላት አላት፤ መቀመጫ ግን የላትም" አላት። "በዚህ ፈተና ከረበሸች ወይም ሳትጨርስ ከወጣች አራተኛ ክፍልን እርሺው። ወደ ሁለተኛ ትመለስና ከታናናሾቿ ጋር መቀመጥ ትማር።"

"መምህር፣ እሷ እኮ ሆን ብላ..."

"ካልሆነ ሐኪም ቤት ውሰጂና የሚያፈዛትን ክኒን ይዘዙላት። አሁን ለሁሉ ነገር ክኒን አለ። እኛም እንረፍ፣ አንቺም እረፊ።"

"እሺ" አለች ባለካውያዋ። ዕድሜዋን ሙሉ ስትለው የኖረችው ቃል ስለሆነ ሳታስበው ነው ያመለጣት። "እሺ"ው ግን መንገዱን ሙሉ አብሯት ሄደ። ጉልበቷ ከዴስኩ ሥር አልገባ ያለበት ቀን ፊቷ ላይ ድቅን አለ። ልጇንም "አያቴ" ሲሏት ሰማች።

ጤና ጣቢያው ሄደች። የልጅቷን ጆሮና ዓይን አዩ፤ ሐኪሙም ሁለት ቀን አመላልሶ ጠየቃት፣ ከትምህርት ቤትም ወረቀት አስመጣ። በመጨረሻ ቁጭ አድርጋ ያስረዳቻት የልጆች ክፍል ሲስተር ናት።

"ስም ያለው ነገር ነው" አለቻት። "ትኩረቷን ወደምትፈልገው ማዞር ያቅታታል። ሰውነቷም እረፍ ሲሉት አይሰማም። ስንፍና አይደለም፣ ጥጋብም አይደለም። አንቺ ስላሳደግሻትም አይደለም የመጣው። ብዙ ጊዜ በዘር ይወርዳል። ከቤተሰብ እንደሷ ያለ ሰው ነበረ?"

ባለካውያዋ ይህን ሁሉ የምትሰማው ተነሥታ ቆማ ነው። ወንበሩ ባዶውን አጠገቧ ነበር። ሲስተሯ ወንበሩን አየች፣ እሷን አየች።

"በቃ፣ ገባኝ" አለች፤ ሁለቱም ሳቁ።

"ክኒንስ፣ ሲስተር?"

"አለ። ብዙ ልጅ ተጠቅሞበታል፤ የሚያሳፍርም ነገር የለውም። የሚያፈዝ ግን አይደለም፤ የሚያዘውም ሐኪም ነው። ሐኪሙ ደግሞ ለሷ መጀመሪያ ቤቱንና ክፍሉን አስተካክለን እንያት ነው ያለው። ካልበቃ እንነጋገራለን።" ከዚያም እጇን ይዛ ነገረቻት። "አሥር ነገር አከታትለሽ አትዘዣት፤ አንድ ብቻ። እሱን ስትጨርስ እዚያው አመስግኛት። የዓመት መጨረሻ ብስክሌት ለሷ ተረት ነው። ቀኗ ሁሌ አንድ ዓይነት ይሁን፣ እንቅልፏም በሰዓቱ። ሰውነቷ ልነሣ ሲል ፍቀጂለት፤ ተነሥቶ ይመለሳል።"

ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የታተመ ሰንጠረዥም ሰጠቻት። ሰንጠረዡ ሁለት ቀን ግድግዳ ላይ ዋለ። በሦስተኛው ቀን አውሮፕላን ሆኖ በመስኮት ወጣ። የእናትየዋም ዓይን ቢሆን ፊደል ላይ የሚሮጥ ዓይነት አይደለም። መሳቢያውን ከፍታ ያንን የአንሶላ ቁራጭ አወጣችው።

በመጀመሪያው ጠዋት ዘጠኝ ቋጠሮ ቋጠረችበት። "ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ፣ ፀጉር፣ ልብስ..." እያለች እስከ ዘጠኝ ቆጠረችላት፤ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ሻይ እየጣደች። ሻዩ ሳይፈላ ልጅቷ "ጨረስኩ!" አለች። ዘጠኙንም ቋጠሮ በጥርሷ ፈትታዋለች። ፊቷ አልታጠበም፣ በባዶ እግሯ ናት፣ የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች ናት። ደስታዋ ግን ልክ አልነበረውም።

ነገሩን ላውንደሪ ስታወራ ሽማግሌዋ አጣቢ፣ ሁሉም "እትዬ" የሚሏት፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

"ዘጠኝ? ለሆቴል መጋረጃ እንኳ አምስት ነው እኮ! ደግሞስ ማን አየላት? አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሽ ሻይ ትጥጃለሽ። እዚህ ቤት እንዲያ ቢደረግ ስንቱ አንሶላ ከነጭቃው ወጥቶ ነበር።"

እውነቷን ነው። በማግሥቱ ቋጠሮው አምስት ሆነ፦ ፊት፣ ልብስ፣ ቁርስ፣ ቦርሳ፣ ጫማ። አንዱ ሲፈታ እናትየዋ የያዘችውን ታስቀምጣለች፣ ዞር ትላለች፣ ልጇን ዓይን ዓይኗን እያየች "አየሁ" ትላለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። አምስቱ ካለቀ ወደ ትምህርት ቤት የሚኬድበትን መንገድ የምትመርጠው ልጅቷ ናት፤ በድልድዩ ወይም በደረጃው። ሽልማቱ ይኸው ነው፣ እዚያው በበር ላይ ይከፈላል።

ለልጅቷ ከከበዳት ይልቅ ለእናትየዋ ከበዳት። ሰው እየጠራት፣ ሻዩ እየገነፈለ፣ አምስት ጊዜ ዞሮ ማየት ቀላል አይደለም። ጥናቱም እንደዚያው ሆነ። ሁለቱ አንድ አንሶላ በአራት ጫፉ ይይዛሉ፤ "ሰባት ጊዜ ስምንት?" ትላለች እናትየዋ። ልጅቷ ከመለሰች ተራምደው ጫፍ ለጫፍ ያገናኛሉ፤ ከሳተች ባሉበት አንሶላውን እያራገቡ ይጠብቃሉ። ቁጭ ብላ በሦስት ወር ያልያዘችውን የማባዛት ሠንጠረዥ አንሶላ እያጠፈች በአምስት ሳምንት ያዘችው። የቤቱ አንሶላ ሁሉ እንዲህ ተጣጥፎ አያውቅም።

በየቀኑ ሆነ ለማለት አይደለም። ቋጠሮው እንደ ታሰረ የሚመሽበት ቀን ነበር፤ ሁለቱም አልቅሰው የሚተኙበት። አባትየው የረጅም መንገድ ሾፌር ስለሆነ ከሩቅ በስልክ ነው የሚያጽናናቸው።

"ግዴለም፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለ አንድ ቀን።

ልጅቷ ስልኩን ነጠቀች። "አባዬ፣ እኔ እኮ ከተፈለፈልኩ ቆየሁ!"

የክፍሏ አስተማሪ ወጣት ናት፤ ከሃምሳ ልጅ በላይ ታስተምራለች፣ ሁልጊዜም የደከማት ትመስላለች። ቢሆንም ባለካውያዋ ስትለምናት ሰማቻት። ልጅቷን ከመስኮቱ አንሥታ ከፊት አስቀመጠቻት። ትምህርቱ መሐል ላይ ሰሌዳ ታስጠርጋታለች፤ ልጅቷ ጠርጋ ስትቀመጥ ሩብ ሰዓት ትሰማለች። ለፈተናውም ተስማሙ። ፈተናው አምስት ገጽ ነው፣ አምስት ቋጠሮ። አንድ ገጽ ስትጨርስ አንዱን ፈትታ፣ ተነሥታ፣ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ትቀመጣለች።

"እኔ እስካለሁ ችግር የለም" አለች አስተማሪዋ።

በፈተና ቀን አስተማሪዎች ክፍል እንደሚቀያየሩ ግን አልተናገረችም። ረስታ ይሁን ፈርታ አይታወቅም።

በፈተናው ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ የላውንደሪው ስልክ ጮኸ። እትዬ አነሣችው። ከዚያ ሳሙናማ እጇን እያወናጨፈች በማሽኖቹ መሐል መጣች።

"ከትምህርት ቤት ነው! ልጅሽ ስትኮርጅ ተይዛለች ነው የሚሉት! በጨርቅ ጽፋ!"

ባለካውያዋ የያዘችው ቀሚስ ግማሹ ተተኩሷል። ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለችና በተረከዙ አቆመችው።

"የት ልትሄጂ ነው? ረጋ በይ እንጂ" አለች እትዬ ክንዷን ይዛ። "ከትምህርት ቤት ሰው ጋር አፍ አትካፈቺ። ይቅርታ በያቸው። ዝም አይነቅዝም፣ የኔ ልጅ።"

"ዝም አይነቅዝም፣ እትዬ። ልጅ ግን ይነቅዛል።"

"ቀሚሱስ?"

"ቋጠሮው እንዳለ ነው። ማንም አያወጣውም።"

ሽርጧን እንኳ አልፈታችም። ሃያ ደቂቃ የሚወስደውን መንገድ በዐሥር ደቂቃ ሄደችው።

ልጅቷ ኮሪደር ላይ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ፊቷ በእንባና በአቧራ ተለውሷል። የወለሉን ንጣፍ ትቆጥራለች።

"እማዬ፣ አልኮረጅኩም። የሚፈትነን መምህር ጨርቄን ቀማኝ። አምጣ ብዬ ዴስኩ ላይ ወጣሁ። ከዚያ በሦስት ሰዓት ተኩል አስወጣኝ።"

"ስንት ገጽ ጨረስሽ?"

"አንድ። ሁለተኛው ላይ ነበርኩ።"

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አራት ከዐሥር ይላል። ፈተናው አምስት ሰዓት ላይ ያልቃል። እናትየዋ የልጇን እጅ ይዛ ሳታንኳኳ ወደ ቢሮው ገባች።

ምክትሉ ወንበሩ ላይ ነው። ከምትፈትንበት ክፍል የተጠራችው አስተማሪዋም ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። ጠረጴዛው ላይ፣ ወረቀት እንዳይበር በሚጫንበት መስታወት ሥር፣ ያ የአንሶላ ቁራጭ ከነአራት ቋጠሮው ተጋድሟል።

"ማስረጃው ይኸው" አለ ምክትሉ። "በእያንዳንዱ ቋጠሮ ውስጥ ምን እንደ ተደበቀ እግዜር ይወቅ።"

"ያንብቡት እስቲ።"

"ምን?"

"ይፍቱና ያንብቡት። ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው ይላል?"

ምክትሉ ጨርቁን አነሣው። አንዱን ቋጠሮ በጣቱ ጨመቀ፣ ወደ ብርሃን አወጣ፣ ገለበጠ። "ምልክት ነው" አለ። "የምልክት ኩረጃ።"

"ምልክቱ አንድ ገጽ አለቀ ማለት ነው። ሌላ ነገር የለውም። አንድ ገጽ ትሠራለች፣ አንድ ትፈታለች፣ ቀና ብላ ትቀመጣለች። ከሐኪም ቤት ተመክረን ነው። አስተማሪዋም ታውቃለች።"

ሁሉም ወደ አስተማሪዋ ዞሩ። አስተማሪዋ ጠመኔ የነካውን ጣቷን በጣቷ ፈተገች። ባለካውያዋ ያንን ዝምታ አወቀችው፤ የራሷ "እሺ" ወንድም ነው።

"ልጄ" አለቻት ቀስ ብላ፣ "አንቺ ካላየሽላት እንዳልተፈታ ነው የሚቆጠረው።"

"እኔ ነኝ የፈቀድኩላት" አለች አስተማሪዋ። ድምፁ ከወጣ በኋላ ቀጥሎ ያለው ቀለላት። "እኔ ነኝ፣ መምህር። ሁለት ወር ሙሉ እንዲያ ነው የምታጠናው። ውጤቷም ተሻሽሏል።"

"ደንብ አለ!" አለ ምክትሉ። "ደንብ የሚባል ነገር አለ። ፈተና ክፍል ውስጥ..."

"ደንቡን ያሳዩኝ።"

"አንቺ ደንብ ታነቢያለሽ?"

"ቀስ ብዬ አነባለሁ። አምስተኛ ክፍል እንኳ በቅጡ አልደረስኩም። ቢሆንም እርስዎ ያሳዩኝ፤ እኔ ቆሜ ማንበብ እችላለሁ።"

ምክትሉ ከመሳቢያው ወረቀት አወጣ። ጣቱን ከመስመር መስመር አንሸራተተ። "መጽሐፍ... ደብተር... የተጻፈበት ወረቀት... ስልክ..." ከዚያ ጣቱ ቆመ።

"ጨርቅ የሚል አለ?"

"በግልጽ የሚል ባይኖርም..."

"ጨርቅ ከተከለከለማ መምህር፣ እርስዎም ከረባትዎን ያውልቁ። አንገትዎ ላይ አንድ ቋጠሮ አለ።"

ልጅቷ ከእንባዋ መሐል ፍርፍር ብላ ሳቀች። አስተማሪዋ አፏን በእጇ ያዘች። ምክትሉ ሳያስበው እጁን ወደ አንገቱ ሰደደና መለሰው።

"ይሄ ሁሉ ጣጣ" አለ ፊቱ ቀልቶ፣ "እንደ መከርኩሽ ክኒኑን ብታስውጫት ኖሮ አይመጣም ነበር።"

"ክኒን የሚያዘው ሐኪም ነው። ሐኪሙ ያስፈልጋታል ያለኝ ቀን እኔው በእጄ ውኃ ይዤ አስውጣታለሁ፤ አላፍርበትም። እርስዎ ጸጥታ ስለወደዱ ግን አልሰጣትም።" ድምፅዋ አልጮኸም። ደክሟት ነበር፤ ግን ድካም የያዘው ሰው የሚያጣው ነገር ስለማይታየው አይፈራም። "እኔን አስተማሪዎቼ ሁለት ጊዜ ወደ ታች መልሰውኛል፣ መምህር። ሁለት ጊዜ። መቀመጥ ትማሪያለሽ አሉኝ። የተማርኩት መውጣት ነው። እሷን አትመልሷትም። ወረቀቷን ይስጧት። እስክትጨርስ ከዚህ ቢሮ አልወጣም፤ ወንበርም አልፈልግም፣ መቆም ልማዴ ነው።"

አራት ከሃያ ሆነ። ምክትሉ ሰዓቱን አየ፣ ሽርጥ የታጠቀችውን ሴት አየ። ዓይኗን አልነቀለችም።

"ኮሪደር ላይ ትፈተን" አለ ለአስተማሪዋ፣ ጨርቁን ወደ ልጅቷ ገፋ እያደረገ። "አንቺው ጠብቂያት።"

ልጅቷ የተፈተነችው ቆማ ነው፤ የኮሪደሩ መስኮት ደፍ ልክ ደረቷ ድረስ ስለሚደርስ ወረቀቱን እዚያ ዘረጋችው። ሁለተኛው ገጽ ሲያልቅ ቋጠሮውን ፈታች፣ በእግር ጣቷ እስከ ግድግዳው ሮጣ ተመለሰች። እናትየዋ በቢሮው በር ክፍተት "አየሁ" አለች በከንፈሯ። ሦስተኛው። ምክትሉ ወረቀት የሚያይ መስሎ እግሯ ሲመላለስ ይሰማ ነበር። አራተኛው ገጽ እንዳለቀ ደወሉ ተደወለ። የክፍሎቹ በሮች ተከፈቱ፣ ኮሪደሩ በልጅ ተሞላ።

"በቃ፣ አበቃ" አለ ምክትሉ ወጥቶ። "ወረቀቱን ሰብስቢ።"

አስተማሪዋ እጇን ዘረጋች። ልጅቷ ወረቀቱን በክንዷ ሸፈነችው።

"አልጨረስኩም!"

"ይበቃሻል፣ አራት ገጽ ሠርተሻል እኮ" አለቻት አስተማሪዋ በለሆሳስ። እናትየዋም ዕፎይ ልትል ነበር። አራት ገጽ መቼም ቀላል አይደለም። ልጇን ይዛ መሄድ፣ ቀሚሱ ዘንድ መመለስ አማራት። እጇን ዘርግታ የቀረውን ቋጠሮ ልትፈታላት ስትል ልጅቷ ጨርቁን ነጠቀቻት።

"እማዬ! ቋጠሮ ያለው አይወጣም ብለሽኝ የለ?"

ባለካውያዋ እጇን መለሰች። ለካ ልጅቷ ሰምታለች። ይህን ሁሉ ወር ግድግዳ የምታዋራ መስሏት ስትናገር፣ እንዝርቷ እየዞረች ሰምታለች።

ዞር ብላ ምክትሉን አየችው። "ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ከሃያ ውጭ አስቀምጠዋታል። ሃምሳ ደቂቃ። የወሰዱባትን ይመልሱላት።"

"ሴትዮ፣ አሁንስ አበዛሽው..."

"አብዝቻለሁ። ሃምሳውን አልጠየቅሁም፤ አንድ ገጽ ነው የቀራት።"

ኮሪደሩ ላይ ያሉት ልጆች ቆመው ያያሉ። ከመሐላቸው አንዱ "እንዝርት፣ በርቺ!" ብሎ ጮኸ፣ ሌሎቹም ተቀበሉት። ምክትሉ "ዝም በሉ! ወደ ውጭ!" ብሎ እነሱን ማባረር ያዘ። ልጅቷን ግን አላባረራትም። ዐሥራ አምስት ደቂቃ ፈጀባት። ምላሷን አውጥታ፣ በአንድ እግሯ ቆማ ጻፈች። ከዚያ የመጨረሻውን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታችውና ጨርቁን ከፍ አድርጋ ዘረጋችው።

"አየሁ" አለች እናትየዋ፤ ዛሬ ግን ጮክ ብላ።

ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር ቀራት። "ይህን በጽሑፍ ይስጡኝ" አለችው። "ከፊት ትቀመጥ፣ ጨርቋን ትያዝ፣ በየገጹ ትነሣ የሚል። በቃል ያለ ይረሳል።"

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ" አለ ምክትሉ ምርር ብሎ።

"ሞኙ እኔ ልሁን። ወረቀቱን ግን ይጻፉት።"

ጻፈው፤ ማኅተምም አደረገበት። ባለካውያዋ ጣቷን በየቃሉ ሥር እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው። ረጅም ጊዜ ወሰደባት፤ ምክትሉም ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ መለሰችለት።

"'ትነሣ' የሚለው የለም።"

ብዕሩን አንሥቶ ጨመረበት። ሲመልስላት "ይውሰዱት፣ እናት" አላት። እስከዚያች ደቂቃ አንቺ ነበር የሚላት።

ላውንደሪ ስትመለስ ቀሚሱ ግማሹ እንደ ተጨማደደ ቦታው ላይ ነበር፤ እትዬ ማንም እንዳይነካው አጠገቡ ቆማለች። ባለካውያዋ ካውያውን ሰካች። ስለ ሆነው ነገር ያወራችው ቀሚሱ ካለቀ በኋላ ነው።

ውጤቱ ከሃምሳ ሠላሳ አራት መጣ። የሚያስጨፍር አይደለም፤ ወደ ታች የሚመልስም አይደለም። ጤና ጣቢያውም በቀጠሮው ቀን አያት፤ ሐኪሙ እንዲሁ ቀጥሉ፣ ከስድስት ወር በኋላ ተመለሱ አለ። እንዝርት አሁንም እንዝርት ናት። ክረምቱን ሁለት ጃንጥላ ጥላለች፤ አንዱ የእትዬ ነው።

ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ጠዋት አራት ቋጠሮ ተፈትቶ አምስተኛው ላይ ጫማው አንዱ ጠፋ። አልጋው ሥር የለም፣ በሩ ጋ የለም። በመጨረሻ የተገኘው ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ እንዳይጠፋ ብላ የከተተችው እሷው ናት። እናትየዋ ከሥራም እንደምታረፍድ አወቀች። ቦርሳዋን በትከሻዋ እንደያዘች ቆማ ጠበቀች፣ ማሰሪያው እስኪታሰር፣ ቋጠሮው እስኪፈታ። "አየሁ" አለች። ልጅቷ በድልድዩ በኩል መረጠች፤ ረጅሙን መንገድ።

ሲደርሱ ዘበኛው የትምህርት ቤቱን በር ሊዘጋ ነበር።

"ዛሬም አረፈዳችሁ? ገና በመጀመሪያው ቀን?"

"አረፈድን" አለች ባለካውያዋ። "ግን አራተኛ ክፍል ነው የምንገባው። ይክፈቱልን።"